መንግሥታት ለጠላታቸው ስለሚያወጡት ስም

አባቶቻችን «ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ዥግራ» ብለው የተረቱት ለሣቅና ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አሞራ እንዳትበላ በሕግም በልማድም የተከለከለች ናት፤ ዥግራ ግን ሥጋዋ የተፈቀደ ነው። አሞራይቱን ለመብላት የቋመጠ ሰው ሕጉን በግልጥ እንዳያፈርስ ያፍራል፤ ስለዚህ ሕጉን እንዳለ ይተውና የአሞራይቱን ስም ይለውጣል። ስሟ ከተለወጠ በኋላ ቢላዋ ቢያነሣ፥ ሕግ አፈረስህ ብሎ የሚከሰው አይገኝም። ተረቱ የሚያስተምረን፥ ስም የሚለወጠው ነገሩ ስለ ተለወጠ ሳይሆን የሚበላው ሰው ስለ ራበው መሆኑን ነው።

እንዲህ ያለው የስም ለውጥ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ሲደረግ ጉዳቱ ከሁለት ቤት አያልፍም። በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ሲደረግ ግን የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ይጠፋበታል። አንድ መንግሥት ሌላውን ሊወጋ ባሰበ ጊዜ ሦስት ነገሮች መንገዱን ይዘጉበታል። አንደኛው ከዚያ አገር ጋራ የተዋዋለው ውል ነው። ሁለተኛው የገዛ ሕዝቡ ልብ ነው፤ ሕዝብ ያልበደለውን ሰው ለመግደል ልጁን በደስታ አይሰጥምና። ሦስተኛው ከዳር ቆመው የሚመለከቱት ሌሎች መንግሥታት ናቸው። ስም በብልሃት የወጣ እንደ ሆነ ግን ሦስቱንም በሮች በአንድ ቁልፍ ይከፍታል። ከአረመኔ ጋራ የተደረገ ውል እንደ ውል አይቈጠርም፤ አረመኔን መውጋት እንደ ጽድቅ ሥራ ይታያል፤ ከዳር የቆመውም ወገን ስለ አንድ አረመኔ ብሎ ከወዳጁ ጋራ አይጣላም።

ለዚህ ነገር ምስክር ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ያደረገው ሥራ በቂ ምስክር ነው። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ዛሬ የምንመለከተው ግን ከጦሩ ቀድሞ ስለ ዘመተው ስም ነው።

በመስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጄኔቭ ወደ ነበረው የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ስትገባ፥ ኢጣልያም ከሌሎቹ መንግሥታት ጋራ ሆና ተቀብላታለች። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ባርነት መኖሩን ያልሰማ አልነበረም፤ እንዲያውም ማኅበሩ ኢትዮጵያን የተቀበላት ባርነትን ለማጥፋት ቃል አስገብቶ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት 22 ቀን ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጡ የሚያዝ ዐዋጅ ወጣ፤ በኋላም ይህንን ሥራ የሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያና ኢትዮጵያ ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተዋዋሉ፤ በመካከላቸው ክርክር ቢነሣም በዕርቅና በዳኝነት ሊጨርሱት እንጂ ጦር ላይማዘዙ ተስማሙ። እንግዲህ በ1920 ዓ.ም. ወዳጅ ተብላ የተፈረመላት ኢትዮጵያ በ1927 ዓ.ም. አረመኔ የተባለችው ያችው ኢትዮጵያ ናት። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ውስጥ ባርነት ይቀንስ ነበር እንጂ አልጨመረም። የጨመረው የሮማ መንግሥት ምኞት ነው።

ምኞቱም ምክንያት አላጣም። በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ምድር በወልወል የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተጋጩ። ወልወል ከጠረፉ ወደ ኢትዮጵያ ውስጥ ርቆ የሚገኝ ሥፍራ ሲሆን፥ የኢጣልያ መንግሥት ግን እንደ ተበዳይ ሆኖ ይቅርታ እንዲጠየቅ፥ ለሰንደቅ ዓላማው ሰላምታ እንዲሰጥና 200,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ካሣ እንዲከፈለው ጠየቀ። ኢትዮጵያ ነገሩ በውሉ መሠረት በዳኝነት ይታይ አለች። ሙሶሊኒ ግን ዳኞቹ ከመሰየማቸው አስቀድሞ፥ በታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ለባለሥልጣኖቹ በምስጢር በጻፈው ትእዛዝ፥ ዓላማው የኢትዮጵያን ጦር ኃይል መደምሰስና አገሪቱን በሙሉ መያዝ መሆኑን ገልጦ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቀን ልብ በል። ፍርዱ አስቀድሞ ተፈርዷል፤ የቀረው ለተፈረደበት ወገን የሚስማማ ወንጀል መፈለግ ነበር።

የወልወልን ነገር እንዲመረምሩ የተመረጡት አምስት ዳኞች፥ ሁለቱ ራሳቸው ኢጣልያ የመረጠቻቸው ሲሆኑ፥ በነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ስለ ግጭቱ ሁለቱንም መንግሥታት ከጥፋት ነፃ አደረጉ። ስለዚህ ለወራት ሲወራበት የኖረው የጠብ ምክንያት በዚያ ቀን ባዶ ሆነ። ሆኖም በማግሥቱ፥ በነሐሴ 29 ቀን፥ የኢጣልያው መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ በማኅበሩ ምክር ቤት ፊት ሌላ መዝገብ ይዞ ቀረበ። መዝገቡ ስለ ወልወል ብቻ የሚከራከር አልነበረም፤ ስለ ባርነት፥ ስለ ጭካኔ ቅጣትና ስለ አስተዳደር ጉድለት ብዙ ወረቀት፥ ከፎቶግራፎችም ጋራ፥ ያከማቸ ክስ ነበር። የክሱም መደምደሚያ፥ ኢትዮጵያ የሠለጠነ መንግሥት ስላልሆነች በማኅበሩ ቃል ኪዳን መብት ልትጠቀም አይገባትም፤ ኢጣልያም ከእርስዋ ጋራ በእኩልነት ተቀምጣ መከራከር ክብርዋን ያዋርደዋል የሚል ነው።

የቃላቱን ኃይል የምንረዳው የማኅበሩን ሕግ ስንመለከት ነው። የቃል ኪዳኑ 10ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ አባል የሌላውን አባል ግዛትና ነፃነት እንዲያከብር ያስገድዳል፤ 16ኛው አንቀጽ ደግሞ ይህንን አፍርሶ ጦር ያነሣውን መንግሥት ሌሎቹ ሁሉ በንግድና በገንዘብ እንዲቀጡት ያዛል። ኢትዮጵያ መንግሥት ተብላ እስከ ተጠራች ድረስ እነዚህ አንቀጾች ይጠብቋታል። አረመኔ ተብላ ከተጠራች ግን አንቀጾቹ ሳይሻሩ ከእርስዋ ላይ ይነሣሉ። በጄኔቭ የተደረገው አሞራይቱን ዥግራ የማለት ሥራ ይህ ነው።

እዚህ ላይ በእውነት መናገር ይገባናል። በክሱ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ ውሸት አልነበረም። ባርነት በኢትዮጵያ ነበረ፤ የባርያው ዕንባም እውነተኛ ዕንባ ነበረ፤ ይህንን የሚክድ ሰው ለአገሩ ክብር ያቆመ አይምሰለው። ስም አውጪ ብልህ የሆነ እንደ ሆነ ፈጽሞ ውሸት አይናገርም፤ ከእውነት አንዲት ፍሬ ወስዶ በውሸት ዕርሻ ይዘራታል እንጂ። «በዚህ አገር እንዲህ ያለ ክፉ ሥራ ይሠራል» የሚለው ቃል ስለ ድርጊት የተነገረ ነው፤ ድርጊትም ይመረመራል፥ ይፈረድበታል፥ ይታረማል። «ይህ ሕዝብ አረመኔ ነው» የሚለው ቃል ግን ስለ ባሕርይ የተነገረ ነው፤ ባሕርይ ደግሞ በምክርና በሕግ አይታረምም ተብሎ ስለሚታሰብ ለጦር እንጂ ለዳኛ አይቀርብም። ከድርጊት ወደ ባሕርይ የሚሻገረው እርምጃ አጭር ነው፤ ነገር ግን በእርሱ ላይ ብዙ ደም ይፈስሳል።

ስሙ በኢጣልያ ሕዝብ ዘንድ የሠራውንም ሥራ እንመልከት። በ1927 ዓ.ም. «ፋቼታ ኔራ» የሚባል ዘፈን በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ወታደሩ የሚዘምተው ባርያ የሆነችውን ጥቁር ልጃገረድ ነፃ ለማውጣት መሆኑን የሚያወራ ነበር። በታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ከንግሥቲቱ ጀምሮ የኢጣልያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ወጪ ሰጡ። እነዚያ ሴቶች ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት አይቻልም። ልጆቻቸው ሌላውን ቤት ሊያፈርሱ እንደ ሄዱ ቢነገራቸው ኖሮ ብዙዎቹ ቀለበታቸውን ባልሰጡ ነበር። የሰጡት የተቀደሰ ሥራ መስሏቸው ነው። ስም የሰውን ክፋት ብቻ ሳይሆን ርኅራኄውንም ለጦር እንደሚያሰልፍ ከዚህ እንረዳለን።

በሌሎቹ መንግሥታት ዘንድስ ምን አደረገ? ኢጣልያ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳታውጅ መረብን ተሻገረች። ከአራት ቀን በኋላ የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦር ማንሣትዋን ፈረደ፤ ሃምሳ መንግሥታትም በፍርዱ ተስማሙ። ፍርዱ እውነተኛ ነበረ፤ አፈጻጸሙ ግን እውነተኛ አልነበረም። በኅዳር 8 ቀን የተጀመረው የንግድ ቅጣት ለጦር መኪናና ለአውሮፕላን የሚያስፈልገውን ነዳጅ አልነካም፤ የኢጣልያ ወታደር የሚያልፍበት የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ለዚህ ዋናው ምክንያት ታላላቆቹ መንግሥታት ኢጣልያን በጀርመን ላይ ወዳጅ አድርገው ለማቆየት መፈለጋቸው ነው። ነገር ግን ይህንን ምክንያት በግልጥ መናገር ያሳፍር ስለ ነበረ፥ «ኢትዮጵያስ ብትሆን ምን ያህል የሠለጠነች ናት?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ሰው የኅሊና መሸሸጊያ ሆነ። ስም ጠላትን ከመፍጠሩም በላይ ወዳጅ መሆን የሚገባውን ሰው ምክንያት ሰጥቶ እንዲተኛ ያደርገዋል።

አረመኔነትን ሊያጠፋ መጣሁ ያለው ሠራዊት ደግሞ ምን ይዞ መጣ? የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረገውን ስምምነት ኢጣልያ ተቀብላለች። ሙሶሊኒ ግን በጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ለጀኔራል ግራዚያኒ በጋዝ እንዲጠቀም ፈቀደ፤ በታኅሣሥም ወር መርዙ በተከዜ አጠገብ ከአውሮፕላን ወረደ። በዚያው ወር አጋማሽ ገደማ በኦጋዴን አንድ የኢጣልያ አውሮፕላን ነጂ ተይዞ ተገደለ፤ የፋሺስት መንግሥትም ጋዙ ለዚህ ጭካኔ ብድር መመለሻ ነው እያለ ተከራከረ። ፈቃዱ የተሰጠው ሰውየው ከመሞቱ ሁለት ወር አስቀድሞ መሆኑን ግን የቀኑ ቍጥር ይመሰክራል። የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከስድሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ የመጀመሪያው ስም አላስፈለገም፤ ሌላ ስም መጣ። በጫካ የቀሩት አርበኞች የአንድ መንግሥት ወታደሮች መሆናቸው ቀርቶ ሽፍቶችና ዐመፀኞች ተባሉ። ለምርኮኛ ወታደር በጦር ሕግ የሚገባ መብት አለው፤ ለሽፍታ ግን የለውም። ስለዚህም ሙሶሊኒ በግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. የተማረኩ ዐመፀኞች ሁሉ በጥይት እንዲገደሉ አዘዘ። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው በእምነት ከገቡ በኋላ፥ በታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። ለሽፍታ የተሰጠ ቃል ቃል አይደለምና።

ነገር ግን ስሙ በአውጪው ላይም ተመለሰበት። እጁን የሰጠ ሰው እንደሚገደል የተረዳ አርበኛ እጁን ለምን ይሰጣል? በገባው ላይ የተደረገውን ያየ ሁሉ ጫካውን መረጠ። ኢጣልያ ሽፍታ ብላ ከጠራችው ሰው ጋራ ለመታረቅ ብትፈልግ እንኳ መንገዱን የዘጋችው ራስዋ ነበረች። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዕልቂትና በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ላይ ከተደረገው ግድያ በኋላ ዐመፁ ሰፋ እንጂ አልጠበበም፤ ግራዚያኒም በኋላ በሌላ ሰው ተተካ። ጠላቱን በሐሰት ስም የሚጠራ መንግሥት ሌላውን ከማታለሉ በፊት ራሱን ያሳውራል፤ በፊቱ የቆመው ማን እንደ ሆነ አያውቅምና።

ነፃ አወጣሃለሁ የተባለውም ሕዝብ ያገኘው ሌላ ነው። ጀኔራል ደ ቦኖ በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. በያዘው የትግሬ ምድር ባርነት ቀርቷል ብሎ ዐወጀ፤ በሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው የሮማ ሕግ ግን ኢጣልያዊ ከአገሬው ሰው ጋራ በባልና ሚስት ሥርዓት ቢኖር በእስራት እንዲቀጣ ደነገገ። በዘፈኑ ነፃ ትወጣለች የተባለችው ልጃገረድ በሕጉ የማትነካ ሆነች። ባርነትን በሕግ ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ነፃነትዋ ከተመለሰች በኋላ ነው። በየካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውልም ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነፃነት አውቃ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማች። በእኩልነት መቀመጥ ያዋርደኛል ያለችው መንግሥት በመጨረሻ በእኩልነት ፈረመች።

ይህ ሥራ በፋሺስቶች ዘመን ተጀምሮ በፋሺስቶች ዘመን ያለቀ እንዳይመስለን፥ ከቅርቡ ዘመን አንድ ምሳሌ እንጨምር። የአሜሪካ መንግሥት ሽብርን ይረዳሉ የሚላቸውን መንግሥታት የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ኢራቅ ከኢራን ጋራ በምትዋጋበት ጊዜ፥ በ1974 ዓ.ም.፥ ስምዋ ከዚህ መዝገብ ተፋቀ። በመጋቢት ወር 1980 ዓ.ም. የሳዳም ሑሴን ሠራዊት በሐለብጃ ከተማ በኩርዶች ላይ የመርዝ ጋዝ አውርዶ ብዙ ሺህ ሰው ሲፈጅ ስሙ ወደ መዝገቡ አልተመለሰም። የተመለሰው በሐምሌ 1982 ዓ.ም. ኩዌትን ከወረረ በኋላ ነው። በጥር 21 ቀን 1994 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኢራቅን፥ ኢራንንና ሰሜን ኮሪያን «የክፋት ዛቢያ» ብለው ጠሩ፤ በመጋቢት ወር 1995 ዓ.ም. ኢራቅ ተወረረች። ለወረራው ምክንያት የተባለውን የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት እንዲፈልጉ የተላኩት መርማሪዎች በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጡት መግለጫ ክምችቱ እንዳልተገኘ አስታወቁ። ሳዳም ጨካኝ መሆናቸው እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ጭካኔያቸው ከሁሉ በከፋበት ዓመት ስሙ አልተሰጣቸውም። ስሙ የተከተለው የሥራቸውን ክፋት ሳይሆን የሌላውን መንግሥት ፖሊቲካ ነው።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው እንዲህ ያለ ስም በሰማ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፥ ስሙ መቼ ወጣ? ክፉው ሥራ ከድሮ የኖረ ሆኖ ስሙ ትናንት የወጣ እንደ ሆነ፥ በመካከል የተለወጠው ምን እንደ ሆነ ይመርምር። ሁለተኛ፥ ስሙ የድርጊት ነው ወይስ የባሕርይ? ድርጊትን የሚጠራ ሰው ቀን፥ ቦታና ምስክር ያቀርባል፤ ባሕርይን የሚጠራ ሰው ግን ጥላቻን ብቻ ያቀርባል። ሦስተኛ፥ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ወዳጅ አገር በዚያው ስም ይጠራልን? ካልተጠራ፥ ስሙ የተሰጠው ለጥፋት ሳይሆን ለጥቅም ነው።

ይህን ስንል ጠላት የሚባል በዓለም የለም ማለታችን አይደለም። ክፉ ሥራ የሚሠሩ መንግሥታት አሉ፤ ክፉውንም ክፉ ብሎ የማይጠራ ሰው የክፉ ተባባሪ ነው። ነገር ግን እውነተኛ ክስ ሥራውን ቈጥሮ ያቀርባል እንጂ የሕዝብን ስም አያጠፋም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ሲናገሩ ያቀረቡት ስለ መርዙ አጣጣልና ስለ ፈረሰው ቃል ኪዳን ዝርዝር ነው። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡም ሕዝቡ በተሸነፉት ኢጣልያኖች ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዋል። አምስት ዓመት አረመኔ እየተባለ የተገደለ ሕዝብ የገዳዮቹን ወገኖች በዚያው ስም ጠርቶ በቀል ለመፈጸም ምክንያት አላጣም ነበር፤ ሆኖም ሥራንና ሕዝብን መለየት እንደሚቻል በዚያ ቀን ታይቷል።

ይህንን ታሪክ የምናስታውሰው በሌላው ለመፍረድ ብቻ ከሆነ ትርፉ ጥቂት ነው። በሐሰት ስም የተወጋ ሕዝብ፥ እርሱም በተራው ለጎረቤቱ ስም ለማውጣት ምላሱ በፈጠነ ጊዜ፥ የነሐሴ 29 ቀኑን መዝገብ ሊያስብ ይገባዋል። ጦር የሚማዘዙት ወታደሮች ቢሆኑም፥ ጦሩ የሚጀመረው ሰዎች ጎረቤታቸውን በተጸውዖ ስሙ መጥራት ሲተዉ ነው። ስለዚህ አንድን ሕዝብ በአንዲት ክፉ ቃል ጠቅልሎ የሚጠራ ድምፅ በሰማን ጊዜ፥ ድምፁ ከውጭ ቢመጣም ከገዛ ቤታችን ቢነሣም፥ ስለ ተጠራው ከመፍረዳችን በፊት የጠሪው ረኃብ ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ።